የኋላ መስታወት በሲሊኮን ይለጠፋል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፣ ባለ አራት በር። ሰሞኑን ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ የኋላ መስታወቷ እንክትክት ብሎ አገኘሁት። ድንጋይ የለም። የተሰረቀ ዕቃም የለም። አንድ ገጣሚ ‹ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አምጥቼ ዛሬውኑ በሲሊኮን እለጥፍልሻለሁ› አለኝ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ አዲስ መስታወት ዩሬቴን በሚባል ማጣበቂያ እንደሚገጥምና መኪናዋ ሁለት ቀን እንደምትቆይ ነገረኝ። የሁለተኛው ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የቱን ልምረጥ? እስከዚያ በላስቲክ ሸፍኜ መንዳት እችላለሁ? ኢንሹራንስስ ይከፍላል? ደግሞስ ሳይነካ ለምን ተሰበረ?»

ምላሽ፦

እንኳን ልጅዎ ከኋላ ተቀምጦ ሳለ አልሆነ። ጥያቄዎ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እመጣበታለሁ። ገንዘብ የሚያስወጣዎትን ውሳኔ ግን ላስቀድም።

በቀረቡልዎት ሁለት ዋጋዎች ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀዋል። አንደኛው የትኛው መስታወት የሚለው ነው። ሁለተኛው በምን ይለጠፋል የሚለው ነው። ሰዎቹ ጠቅልለው ስለነገሩዎት ምርጫው ርካሹ ወይም ውዱ ብቻ መስሎዎታል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ደህና የሆነ ያገለገለ መስታወት ገዝቶ በትክክለኛው ዩሬቴን ማስለጠፍ ይቻላል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን መስታወቱ ላይ ልቆጥብ እችላለሁ። በማጣበቂያውና በላሜራው ጽዳት ላይ ግን አምስት ሳንቲም አልቀንስም። ሲሊኮን የሚል ካለ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የፊት መስታወትና የኋላ መስታወት አሠራራቸው ይለያያል። የፊተኛው ሁለት ስስ መስታወቶች ተጣብቀው ነው የተሠራው፤ በመሃላቸው ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ይጠገናል። የኋላው ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ አንድ ንጣፍ ብቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያሞቁትና ኃይለኛ አየር እየነፉ በድንገት ያቀዘቅዙታል። ላዩ ቀድሞ ይደርቃል። ውስጡ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ላዩን ይስበዋል። በዚህ ምክንያት ላዩ ሁልጊዜ እንደተጨመቀ፣ ውስጡ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል።

ይህ አሠራር መስታወቱን ከተራ መስታወት አራት አምስት እጥፍ ያጠነክረዋል። ሆኖም ውጥረቱ አንድ ቦታ ላይ ከተከፈተ መላው መስታወት በአንድ ጊዜ ይረግፋል። ፍርፋሪው ደቃቅና ጠርዙ ደነዝ እንዲሆን የተደረገው ሰው እንዳይቆርጥ ነው። እንግዲህ የኋላ መስታወት ጥገና የለውም። ተቆርጦም አይስተካከልም። «ትንሽ ሰፍቷል፣ ጠርዙን ሞርደን እናስገባዋለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይህን ሥራ አያውቀውም ማለት ነው። የጠነከረ መስታወት ጠርዙ ሲሞረድ እዚያው እጁ ላይ ይረግፋል።

ሳይነካ ለምን ተሰበረ ላሉት፣ ደካማው ቦታ ጠርዙ ነው። መሃሉ በቡጢ ቢመታ ይችላል። ጠርዙ ላይ ግን የሩዝ ፍሬ የምታክል ቁርጥራጭ ከወጣች ጉዳቱ ተደብቆ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ይበቃዋል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጠዋት መኪና ላይ አመዳይ የሚታይበት ጊዜ አለ። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። መስታወቱ ይሰበሰባል፣ ይለጠጣል። አመዳዩን ለማቅለጥ የሞቀ ውሃ የሚያፈሱ ሰዎችም አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ ጎረቤት ሲያደርግም ካዩ ይንገሩት። ድሮ ተገጭታ ባትላሜራ ያቀናት መኪና ከሆነችም የመስታወቱ መቀመጫ ትንሽ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። በጉድጓድ መንገድ ላይ ቦዲው በተጠማዘዘ ቁጥር ላሜራው ጠርዙን ይጫነዋል።

ከፋብሪካ የሚመጣ ችግርም አለ። መስታወቱ ሲቀልጥ የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ውስጡ ሊቀር ይችላል። ይህች ቅንጣት ከዓመታት በኋላ እንኳ ቀስ እያለች ታብጥና መስታወቱን ከውስጥ ትሰብረዋለች። መስታወቱ ቦታው ላይ እንዳለ ከሆነ ስንጥቆቹ ከየት እንደተነሱ ይመልከቱ። ሁሉም ከአንድ ነጥብ ነው የሚበተኑት። ነጥቡ መሃል አካባቢ ሆኖ እዚያው ከሌሎቹ ተለቅ ያሉ ሁለት ቁርጥራጮች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተያይዘው ከታዩ ቅንጣቷን ይጠርጥሩ። መነሻው ጠርዝ ላይ ከሆነ ጉዳዩ የጠርዙ ጉዳት ወይም የላሜራው ነው። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ስለሆነች እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዝገትን ነው። ላሜራ ሲዝግ ያብጣል። ያበጠው ዝገት መስታወቱን ከታች ወይም ከጎን ይገፋዋል። ምክንያቱ ይህ ከሆነና ዝገቱ ሳይነሳ አዲስ መስታወት ከተለጠፈ አዲሱም በተራው ይረግፋል። ስለዚህ የትኛውም ገጣሚ አዲሱን መስታወት ከማስቀመጡ በፊት ባዶውን ላሜራ ያሳይዎት። ይህን ቀድመው ይንገሩት፤ የሚከፋው ባለሙያ የለም።

ዛሬ ማታ ምን ያድርጉ? ፍርፋሪውን ከመጣልዎ በፊት ማኅተም ያለበትን ቁርጥራጭ ይፈልጉ። በአብዛኛው ታችኛው ጥግ ወይም መሃል ታች ላይ ነው። ፎቶ ያንሱትና ያስቀምጡት። የማሞቂያው ሽቦ የሚሰካባቸው ሁለቱ የብረት ጫፎች ያሉባቸውን ቁርጥራጮችም አይጣሉ። ገጣሚው ሽቦው በየት በኩል እንደሚገባና አንቴናው መስታወቱ ላይ ታትሞ እንደሆነ የሚያውቀው ከእነሱ ነው። ጠርዙን የሚሸፍነው ጥቁር ጎሚኒም ካልተቀደደ ይቀመጥ።

ጽዳቱን ለማንም በችኮላ አይስጡ። ጓንት ያድርጉ። ትልልቁን በእጅ ያንሱ፣ ደቃቁን በቫኪዩም ይጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ አይጀምሩ፤ ፍርፋሪውን ወንበሩ ውስጥ ይቀብረዋል። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ የስፒከር ቀዳዳዎች አሉ፣ እዚያ ይገባል። የቀበቶ ማጠፊያው ቀዳዳ ውስጥም ይገባል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው አውጥተው ይመልከቱት። ፍርፋሪ ከተጣበቀበት ክሩን ቀስ በቀስ ይበጥሰዋል። የልጅ ወንበር ካለ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አውልቀው ያራግፉ፣ እጥፋቶቹን በጣት ሳይሆን በብሩሽ ይፈትሹ። ሻንጣ ማስቀመጫው ዙሪያ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ ፍርፋሪ ከደፈነው ክረምት ሲመጣ ውሃ ይቋጥርና ያዝገዋል።

በላስቲክ ሸፍኖ መንዳትን በተመለከተ፣ ጋራዥ ለማድረስ ያህል ይቻላል። የዕለት ተዕለት መመላለሻ ማድረግ ግን አይገባም። ዋናው ምክንያት ዝናቡ ወይም ሌባው አይደለም። መኪና ሲሄድ ከኋላዋ አየሩ ይሳሳል። የሳሳው አየር የጭስ ማውጫውን ጭስ እያሽከረከረ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከኋላ ክፍት ካለ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያዞራል፣ ሲበዛም ይገድላል። ከኋላ የሚቀመጠው ደግሞ ልጅዎ ነው። መኪናዋ እስክትሠራ ልጁን በሌላ መንገድ ያድርሱት። ለብቻዎ ወደ ጋራዥ ሲነዱ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ ከውጭ አድርገው ዙሪያውን በፕላስተር በደንብ ይዝጉ። የንፋስ ማራገቢያውን ከውጭ አየር እንዲስብ አድርገው ይክፈቱት፤ አየሩ ከፊት ወደ ኋላ እየገፋ ይወጣል። በዝግታ ይንዱ። ፕላስተሩን ፀሐይ ላይ ለቀናት አይተዉት፣ ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል።

መስታወቱን ስንመርጥ። «የኮሮላ የኋላ መስታወት» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በዚያው ዘመን ኮሮላ በባለ አራት በር፣ በፊልደርና በራንኤክስ ተሠርቷል፤ የኋላ መስታወታቸው አይገናኝም። ለጃፓን ገበያና ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩትም ሊለያዩ ይችላሉ። ሊብሬዎን ይዘው ሄደው በሻንሲ ቁጥሩ ይጠይቁ። ያስቀመጡትን የማኅተም ፎቶም ያሳዩ።

ያገለገለ መስታወት ብዙ ሰው ይንቃል። እኔ አልንቅም። ከሌላ ኮሮላ ላይ በጥንቃቄ የወረደ የፋብሪካ መስታወት፣ ኩርባው በደንብ ካልወጣ ርካሽ አዲስ መስታወት ይሻላል። ኩርባው ያልገጠመ መስታወት በግድ ተጭኖ ይለጠፋል። እንዲህ የተለጠፈ መስታወት ዕድሜውን ሁሉ እንደተጨነቀ ይኖራል። ጥያቄው እንዴት ወረደ የሚለው ነው። በካቻቢቴ እየተፈነቀለ ከወረደ ጠርዙ ተጎድቷል። ከመክፈልዎ በፊት የጣትዎን ጥፍር በጠርዙ ዙሪያ ቀስ ብለው ያስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተላጠ ቦታ ካለ አይግዙት። ሻጩ «ጎሚኒው ይሸፍነዋል» ሊልዎት ይችላል። መሸፈኑ እውነት ነው። መሰበሩን ግን አያስቀረውም።

ማኅተሙን ያንብቡ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ ማለት ነው) የሚል ቃል ወይም ይህንኑ የሚያመለክት ምልክት ሊኖረው ይገባል። በክብ ውስጥ ያለ የኢ ፊደልና ቁጥር ለአውሮፓው ደንብ መፈተኑን ያሳያል። ዶት የሚለው የአሜሪካ ነው፣ ሲሲሲ የሚለው የቻይና። አሳሂ፣ ፒልኪንግተን፣ ሴንት ጎቤን፣ ፉያዎ የሚሉት ስሞች የታወቁ የመኪና መስታወት አምራቾች ናቸው። የቻይና ስለሆነ ብቻ መጥፎ ነው አይባልም፤ ፉያዎ ከዓለም ትልልቆቹ አምራቾች አንዱ ነው። ምንም ማኅተም የሌለውን ግን አይግዙ። ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ቀለምም ይመልከቱ። ለጌጥ አይደለም። ማጣበቂያውን ከፀሐይ የሚከላከለው እሱ ነው። ቀጭን ከሆነ ወይም ከተፋቀ ፀሐይ በመስታወቱ አልፎ ዩሬቴኑን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

ቀጫጭኖቹ የማሞቂያ መስመሮች ከብር በተሠራ ቀለም የታተሙና በእሳት የተጋገሩ ናቸው። ጥቁር ፊልም በምላጭ የተላጠበት ያገለገለ መስታወት ላይ ብዙዎቹ ተቆርጠው ይገኛሉ። ሱቁ ውስጥ ባትሪ ካለ ሁለቱን ጫፎች በ12 ቮልት ለጥቂት ጊዜ አገናኝተው በትንፋሽዎ ጉም ያልብሱት። የሚሠሩት መስመሮች ጉሙን ቀድመው ያጠፉታል። የሞቱት እንደታፈኑ ይቀራሉ። አንድ ሁለት መስመር ከተቆረጠ በብር ቀለም ማስጠገን ይቻላል። ግማሹ ከሞተ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ይተዉት። በክረምት ጠዋት ያለ ማሞቂያ የኋላ መስታወት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ማጣበቂያው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ መኪና ሲበላሽ የማየው በዚህ ነው።

የእርስዎ ኮሮላ መስታወት ቦዲው ላይ የተለጠፈ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ወይም የድሮ ላዳ ያላችሁ አንባቢዎች ግር እንዳይላችሁ፣ የእናንተ በወፍራም ጎሚኒ ተይዞ የሚቀመጥ ነው። ጎሚኒው ቦይ ውስጥ ገመድ ይጠመጠምና በሳሙና ውሃ እያሟለጩ ገመዱን ከውስጥ ይስቡታል። እዚያ ላይ ማጣበቂያ ውሃ ለመከላከል ብቻ ነው። የተለጠፈ መስታወት ግን የቦዲው አካል ነው። ቦዲው እንዳይጠማዘዝ ይረዳል። መኪና ሲገለበጥ ደግሞ ቀበቶ ያላሰረ ሰው በዚያ ቀዳዳ እንዳይወረወር ሊረዳ የሚችለው ቦታው ላይ ከቆየ ነው። ፋብሪካው የተጠቀመው ዩሬቴን ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲደርቅ እንደ ጠንካራ ጎማ ይሆናል፤ ይይዛል፣ ግን ይለጠጣል።

ተራ ሲሊኮን የተሠራው ለመታጠቢያ ቤትና ለቤት መስኮት ነው። ብዙው ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሲድ ይለቃል። አሲዱ ቀለሙ የተጫረ ላሜራ ሲያገኝ ማዝገት ይጀምራል፤ ያውም ከስር፣ በማይታይበት። የመያዝ ጉልበቱም ከዩሬቴን ጋር አይወዳደርም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ሲሊኮን አንዴ የነካው ቦታ ላይ ዩሬቴን አይይዝም። ቀለምም አይይዝም፤ የትኛውንም ቀለም ቀቢ ይጠይቁ። የሚቀጥለው ባለሙያ ያንን ሁሉ ፍቆ እስከ ብረቱ ካልወረደ በቀር በደንብ መለጠፍ አይችልም። ዛሬ የቆጠቡት ገንዘብ ያኔ ከነወለዱ ይወጣል። «የእኔ እኮ በሲሊኮን ከተለጠፈ ዓመት አለፈው፣ ምንም አልሆነም» የሚል ጓደኛ ይኖርዎታል። እውነቱን ነው፤ መስታወቱ ቆሟል። ጎሚኒውን ገልጦ ላሜራውን ግን አላየውም።

ዩሬቴንም ሁሉም አንድ አይደለም። ገጣሚው «ሲካፍሌክስ ነው የምጠቀመው» ቢልዎት የትኛውን ብለው ይጠይቁ። በዚያ ስም ለሕንፃ መገጣጠሚያ የሚሸጥ አለ፣ ለመኪና መስታወት የተሠራ አለ። ቱቦው ላይ ለመኪና መስታወት ተብሎ መጻፍ አለበት። ቀኑንም ይዩ። ዩሬቴን ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ቱቦው ውስጥ እያለ መጠንከር ይጀምራል፣ በደንብም አይይዝም። ሲከፈት እየተቆራረጠና በግድ የሚወጣ ከሆነ እንዲጠቀሙበት አይፍቀዱ።

ጥሩ ሥራ እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የቀረው መስታወትና ጎሚኒ ይነሳል። የድሮው ዩሬቴን በስለት ይላጣል፣ ግን እስከ ቀለሙ አይፋቅም። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስስ ንጣፍ ይቀራል። ጤነኛ የድሮ ዩሬቴን ለአዲሱ ምርጥ መሠረት ነው። ዝገት ያለበት ቦታ ግን እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል። ፀረ ዝገት ይቀባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይደርቃል። አንድ ቀን የሚበላው ይህ ነው። ጋራዡ ሁለት ቀን ያለዎት ለዚህ ከሆነ ያከብርዎታል ማለት ነው። ዝገት ላይ የተለጠፈ መስታወት የተለጠፈው ከዝገቱ ጋር ነው፤ ዝገቱ ሲላቀቅ አብሮ ይላቀቃል።

ከዚያ መስታወቱ ያለ ማጣበቂያ ቦታው ላይ ይለካል። ዙሪያው ክፍተቱ እኩል መሆኑ ይታያል፣ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ይደረጋል። መስታወቱ ይጸዳል፣ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ፕራይመር፣ ማለትም ማጣበቂያው በደንብ እንዲይዝ የሚያደርግ መነሻ ቅብ፣ ይቀባል። ብረቱ ተጭሮ የታየበት ቦታም የራሱ ፕራይመር አለው። ፕራይመር የተቀባ ቦታ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ብቻውን ማጣበቂያውን እንዳይዝ ያደርገዋል። ዩሬቴኑ የቱቦው ጫፍ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ሳይቋረጥ፣ ሾጣጣ መስመር ሆኖ ይወጣል። መስታወቱ ሲቀመጥ ሾጣጣው ይጨፈለቅና ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል። ጠፍጣፋ አድርጎ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ የሚያደርግ ሰው አየር እየቋጠረ ነው፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ዩሬቴኑ ከወጣ በኋላ ወሬ የለም። ላዩ ቆዳ ሳያወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መስታወቱ መቀመጥ አለበት። ሁለት ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ ማድረቂያው ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። ዩሬቴን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው። ብዙ ሰው ፀሐይ ላይ ቢቆም ቶሎ የሚደርቅ ይመስለዋል። ሙቀት ይረዳል፣ ደረቅ አየር ግን ያዘገየዋል። በተለመደ ሁኔታ በ24 ሰዓት ውስጥ ከላይ ወደ ውስጥ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚደርቀው። ቱቦው ላይ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ይንዱ» ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ 23 ዲግሪ ሙቀትና ግማሽ ያህል እርጥበት ታስቦ ነው። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ። ስለዚህ የተጻፈው አንድ ሰዓትም ይሁን አራት፣ መኪናዋ ጋራዡ ውስጥ ብታድር ይሻላል። በክረምት እርጥበቱ አያሳስብም፤ ሲለጠፍ ላሜራው ላይ የውሃ ጠብታ እንዳይኖር ግን ጣሪያ ስር መሠራት አለበት።

መኪናዋን ሲረከቡ አይቸኩሉ። ከውስጥ ቁጭ ብለው በመስተዋቱ ወደ ኋላ ይመልከቱ። የመንገድ ምሰሶ ተጣሞ ከታየ መስታወቱ ጥራት የለውም ወይም ተጭኖ ገብቷል። ማሞቂያውን ያብሩ። ኤሌክትሪሺያኑ ቴስተር ካለው ከአንዱ ጫፍ 12 ቮልት አካባቢ፣ መሃሉ ላይ ግማሹን፣ ከሌላው ጫፍ ዜሮ ማንበብ አለበት። መሃሉ ላይ አሁንም ሙሉውን ወይም ዜሮ ካነበበ ያቺ መስመር ተቆርጣለች። ሬዲዮውን ይክፈቱ። ከኋላ መደርደሪያው ላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት መብራቱን ሰው ቆሞ ይይልዎት፤ ለጽዳት ሲነሳ ሽቦው ተፈቶ የሚረሳበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን አንዱን የጎን መስታወት ጣት የምታስገባ ያህል ክፍት ይተዉት። ሁሉም ተዘግቶ በር በኃይል ሲዘጋ አየሩ ያልደረቀውን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ገጣሚው የለጠፈውን ፕላስተር አያንሱ። ለሁለት ቀን ላቫጆ አይግቡ። ጥቁር ፊልም ማስለጠፍ ከፈለጉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይታገሱ።

የውሃ ፍተሻው ዩሬቴኑ ከደረቀ በኋላ ነው። አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ከውስጥ ይቀመጥ። ከውጭ በጎማ ቱቦ፣ ግፊት በሌለው ውሃ፣ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያርከፍክፉ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው በየት እንደገባ አይታወቅም። በመጨረሻ ስኮርታውን አንስተው ከስሩ ያለውን ጎድጓዳ ይዳስሱ። የሚያፈስ የኋላ መስታወት ውሃ ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ አይታይም። እዚያ ነው የሚጠራቀመው።

ዋጋ ሲጠይቁ በጽሑፍ፣ ዝርዝሩ ተለይቶ ይሰጥዎት። መስታወቱ ስንት፣ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ፣ ማጣበቂያውና ፕራይመሩ ስንት፣ ጎሚኒው ስንት፣ የእጅ ዋጋ ስንት። ዝገት ቢገኝስ ስንት ይጨምራል? ቫት አለበት ወይ? በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍበት።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ ያለዎት የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ለዚህ አይከፍልም። እሱ እርስዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ነው። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ውሉን አውጥተው ስለ መስታወት የተጻፈውን ያንብቡ። ከመሥራትዎ በፊት ያሳውቁ። ከተሠራ በኋላ የቀረበ ደረሰኝ ብዙ ክርክር ያመጣል። የተሰበረውን መስታወት፣ ታርጋውንና መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ በአንድ ፎቶ ያንሱ። የፖሊስ ማስረጃ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቁ። መስታወቱ በራሱ ረግፎ ከሆነ እንደዚያው ይናገሩ፤ ድንጋይ ተወረወረ ብሎ መጻፍ መብትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። ከዚያ ሁለት ቁጥሮችን ያወዳድሩ፦ ከኪስዎ የሚከፍሉትን ተቀናሽና በዚህ ጥያቄ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ሊያጡት የሚችሉትን የአረቦን ቅናሽ። ያገለገለ መስታወት በዩሬቴን ካስለጠፉ ወጪው ወደ ተቀናሹ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ፕሮፎርማውን ይዘው መጀመሪያ ወኪልዎ ጋ ይደውሉና ሁለቱንም በቁጥር እንዲነግሩዎት ያድርጉ።